አራተኛው ጋን

ጠክ። ጠክ። ከዚያ ዝም።

ሹዌን ትንፋሿን ዋጠች። ቀኝ ጆሮዋ በጋኑ አፍ ላይ በተወጠረው ስስ የፍየል ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ቆይቷል፤ ደንዝዞ የሌላ ሰው ጆሮ መስሏታል። ጋኑ ጉድጓዱ ወለል ውስጥ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። እሷ ከጎኑ ተንበርክካለች። ቀና ብትል የሚታያት ሰፌድ የምታክል ሰማይ ብቻ ናት፤ እሷንም ለማየት አንገቷን የማቃናት አቅም አልነበራትም።

ጠክ።

አይጥ አይደለም። አይጥ ይቧጭራል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል። ይሄኛው እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ከምድር ሆድ፣ ከሩቅ ይመጣና ቆዳውን ነዘር አድርጎ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል።

መሰላሉን ስትወጣ ሁለቴ አረፈች። ከበባው አራተኛ ወሩን ይዟል። ሊያንከው ከተማ ውስጥ የውሻ ጩኸት ከተሰማ ሰንብቷል፤ ሰው የሚበላው የማሽላ አጥሚት ነው፣ እሱም በተፈጨ የዛፍ ልጥ እየወፈረ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንኳን መሰላል መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ሽማግሌው ጎንግ ከሰሜኑ ግንብ ሥር በተጣለችው ዳስ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። በደህናው ጊዜ ደወል አቅላጮች ዘንድ እየዞሩ አዲሱን ደወል በጣታቸው መታ አድርገው «ይሄ ደህና ነው፤ ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል» እያሉ ነበር የሚኖሩት። ከሰሜን የመጣው ጠላት ከተማዋን ሲከብብ ስምንቱን ጋኖች በግንቡ ሥር በመደዳ ያስቀበሩት እሳቸው ናቸው። አድማጮቹ ልጆች ናቸው። ወታደሮቹ ልጆቹ ባለፉ ቁጥር «ጆሮ ጠቢዎቹ መጡ! ሚስጥር እንዳታወሩ!» እያሉ ይስቁባቸዋል። ሰሞኑን ግን ሳቁም ደክሟል።

«አባባ ጎንግ፣ ሰማሁ» አለች ሹዌን።

«ሦስተኛው ጋን ላይ ነበርሽ፤ አይደል? ቁጭ በይ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው?»

«ከሩቅ ነው። ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተደነቁ አይመስሉም። «እየቆፈሩ ነው። ከላይ ሲያቅታቸው ከታች መምጣታቸው አይቀርም ነበር። ግንቡን ከሥሩ ይቦረቡሩና በእንጨት ይደግፉታል፤ እንጨቱን እሳት ይለቁበታል፤ ግንቡ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ጋን ዝም ማለቱን ቅድም ነግረውኛል። እስቲ አራተኛውን ጥሪልኝ።»

አራተኛው ጋን ላይ የተመደበው ካንግ ባኦ ነው፤ የሹዌን የሠፈር ልጅ፣ በአንድ ዓመት ይበልጣታል። ስትጠራው ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ዝም ነው አባባ» አለ። «እንደ መቃብር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሽማግሌው ስምንት ጠጠሮች መሬት ላይ ደርድረው በጣታቸው ዳሰሷቸው። ሁለተኛው ዝም፣ አራተኛው ዝም፣ ሦስተኛው ከሩቅ። ዋሻው ከሦስተኛው ጋን ትይዩ ነው ማለት ነው፤ ገና ከግንቡ ውጭ፣ ሃምሳ ርምጃ ያህል ርቆ። የሰሜኑ ግንብ አለቃ ዱዋን መልእክቱ ደረሰው፤ አርባ ቆፋሪዎች ከሦስተኛው ጋን ጎን ተነስተው ወደ ውጭ እንዲቆፍሩ አዘዘ። ጠላትን መሬት ውስጥ በጭስ ሊቀበሉት ነው። በሬ የሚያህለው ወናፍና ምድጃው ተጎትተው መጡ፤ የደረቀ ሰናፍጭና መራራ ቅጠል በጆንያ ተከመረ።

ሹዌን ይህን ሁሉ አላየችም። እሷ የምታየው የባኦን ጉንጭ ነበር።

ጋን ያዳመጠ ሰው ጆሮው ይቀላል፤ የቆዳው ማሰሪያ ጠፍር ጉንጩ ላይ ቅስት ይጥላል። ከራሷ ፊት ታውቀዋለች። የባኦ ጆሮ ግን ነጭ ነው። ጉንጩ ላይ የወጣው ጠፍር ሳይሆን የሰሌን አሻራ ነው፤ ጥልፍልፉ ሳይቀር።

አጥሚታቸውን ተቀብለው ከተከመረው የመወርወሪያ ድንጋይ ጀርባ ሲቀመጡ ቀስ ብላ «ተኝተህ ነበር» አለችው።

ባኦ ሳህኑን ከአፉ አላወረደም። «ማን? እኔ?»

«ሰሌኑ ፊትህ ላይ ታትሟል።»

እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ። ከዚያ ወረደ። «ትንሽ ነው» አለ።

«ዛሬ ብቻ?»

ባኦ ሳህኑን አወረደ።

«ሦስት ቀን» አለ በመጨረሻ። «ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ወደ ግንቡ አናት ያሸክሙኛል። አምስት ሌሊት ሆነኝ። ዱዋን ነው ያዘዘው። ቀን ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ደግሞ ይሞቃል፣ ጸጥ ይላል... ሹዌን፣ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ማድረጌን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አላስታውስም።»

«ሄደህ ለአባባ ጎንግ ንገራቸው።»

«አብደሻል? ባለፈው ወር ደቡብ በር ላይ ተኝቶ የተገኘውን ሰውዬ ምን እንዳደረጉት ረሳሽ? አንገቱን ነው የቀሉት። አንገቱን!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ደግሞ ምን ጎደለ? አንቺ ሰምተሻል፤ እየተቆፈረ ነው። በቃ። ነገር አታክርሪ።»

ሹዌን ከሳህኑ ግርጌ የቀረውን ልጥ በጣቷ ጠረገች። መጨቃጨቅም ጉልበት ይጠይቃል።

ተረኛ እስክትሆን ቤት ደረሰች። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የብረት አሜኬላ በገመድ ትሰካለች። እያንዳንዱ አራት ሹል አለው፤ እንዴትም ተጥሎ ቢወድቅ አንዱ ሹል ወደ ሰማይ ይቆማል። መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በገመድ ተሰክቶ ከግንቡ ሥር ይዘረጋል፤ የፈረስም የሰውም እግር ይጠብቃል። የእናቷ ጣቶች ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«አባትሽን አየሽው?» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«አላየሁትም። ግን እዚያው ነው፤ ከአራተኛው ጋን በላይ ያለው ግንብ ላይ። የሚወረወሩት የኖራ ማሰሮዎች ጋ።»

«ነፋሱ ወደ እነሱ እንዳይመልሰው ብቻ። ትናንት የአንዱን ልጅ ዓይን አቃጠለው አሉ፤ የገዛ ኖራቸው...» እናቷ መርፌውን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። «ስትሄጂ ያቺን... ያቺን...»

ሹዌን ጠበቀች። ቀጣዩ ቃል አልመጣም። እናቷ ተቀምጣ፣ መርፌው በእጇ እንዳለ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወስዷታል። አንዱ አሜኬላ ከጭኗ ላይ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሹሉ ወደ ላይ።

ሹዌን ብረቱን አነሳችው። መርፌውንም ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ከዚያ ወደ ግንቡ ተመለሰች፤ ወደ ሦስተኛው ጋን ግን አልሄደችም።

ባኦ አራተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል። «ምን ፈለግሽ?»

«ዞር በል። አንዴ ልስማው።»

«የኔ ጋን ነው።»

«አባቴ ከላይ ነው ያለው፣ ባኦ።»

ዞር አለላት። መሰላሉን ወርዳ ተንበረከከች፤ ጆሮዋን ቆዳው ላይ አደረገች። ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች።

ማዳመጥ አያስፈልገውም ነበር። ቆዳው እንደ ከበሮ ይመታል። ዶማ። ሌላ ዶማ። የሚጎተት ቅርጫት። አንድ ሰው ሲያስል ሰማች፤ እዚሁ፣ ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቅርብ። ሦስተኛው ጋን ድምፁን ከሩቅ የሰማው ዋሻው ሩቅ ስለሆነ አይደለም፤ በጎን በኩል ስላለፈው ነው። ሰዎቹ ግንቡ ሥር ደርሰዋል።

ስትወጣ ባኦ ፊቷን አይቶ ገባው። ራሱ ወረደ፤ ሲመለስ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። «አሁን ነው የጀመረው እላለሁ። አሁን ገና። ማን ያውቃል?»

ወደ ሽማግሌው ዳስ ሄዱ። ባኦ እየተንተባተበ ተናገረ፦ አራተኛው ጋን አሁን ድምፅ አሰማ፣ ቅርብ ነው፣ በጣም ቅርብ።

ሽማግሌው ጎንግ ጠጠሮቻቸውን ዳሰሱ። ግንባራቸው ተኮማተረ። «ጠዋት እንደ መቃብር ነበር አልከኝ። በግማሽ ቀን ሃምሳ ርምጃ የሚቆፍር ሰው የለም።» ጠጠሯን ብድግ አድርገው መልሰው አስቀመጧት። «እንግዲያው ዋሻው ሁለት ነው ማለት ነው። አንዱ ሦስተኛው ትይዩ፣ ሌላው አራተኛው ሥር፤ ሁለተኛውን ዋሻ በዝግታ ሲቆፍሩት ኖረው አሁን ነው የሰማነው። ዱዋን ቆፋሪዎቹን ለሁለት ይክፈላቸው። ሃያው እዚህ፣ ሃያው እዚያ።»

ባኦ እፎይ አለ። ሹዌን ትከሻው ሲወርድ አየች።

ሃያ ሰው። ቆፋሪዎቹን ጠዋት አይታቸዋለች፤ ዶማ አንስተው ሁለቴ መትተው ይቀመጣሉ። አርባው ተባብረው እንኳን መድረሳቸው ያጠራጥራል። ሃያው ደግሞ ምንም የሌለበትን አፈር እየቆፈሩ ይውላሉ።

«አባባ» አለች።

ባኦ ክንዷን ያዛት። ጨመቃት።

«አባባ፣ ዋሻው አንድ ነው። አራተኛው ጋን ጠዋትም ዝም አላለም። የሚያዳምጠው ሰው ነው ያልነበረው።»

የባኦ እጅ ከክንዷ ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ባኦ አዞሩ። «ስንት ቀን?» አሉ።

«ሦስት» አለ ባኦ። ድምፁ የሕፃን ነበር።

«ይሄን ሌላ ማን ሰምቷል?»

«ማንም» አለች ሹዌን።

«እኔም አልሰማሁም።» ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። «ዱዋንን ጥሩልኝ። በሩጫ።»

አለቃ ዱዋን ሲመጣ ሽማግሌው በአጭሩ ነገሩት፦ የአራተኛው ጋን ቆዳ ረግቦ ነበር፤ የረገበ ቆዳ አይሰማም፤ ጠዋት ጠዋት መዳሰስ የእኔ ሥራ ነበር፤ አልዳሰስኩትም። ዋሻው አንድ ነው፤ ከአራተኛው ሥር ነው። አርባውም እዚያ ይሂዱ።

ዱዋን ዓይኖቹ ደም ለብሰዋል። «ጠዋቱን በሙሉ ሰዎቼን በባዶ አስቆፍረሃል፣ ሽማግሌ።»

«አዎ።»

«በኋላ እንነጋገራለን» አለና አርባዎቹን እየጮኸ ነዳቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱበት። በእነሱና በጠላት ዋሻ መካከል የቀረው አፈር የክንድ ውፍረት ሲሆን ቆፋሪዎቹ ወጡ፤ የሸክላ ቧንቧ በቀዳዳው ተሰካ፤ ምድጃው ተለኮሰ፤ ስምንት ሰው ወናፉ ላይ ተረባረበ። የሰናፍጩ ጭስ ከላይ ያሉትን እንኳን ዓይናቸውን አስለቀሰ።

«ልጅቷ ታዳምጥ» አለ ዱዋን። «ዝም ሲሉ ትንገረኝ።»

ሹዌን ወረደች። ጆሮዋን ቆዳው ላይ አደረገች፤ አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች።

መጀመሪያ የሰማችው ሳል ነበር። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ከዚያ ዶማዎች ሲወድቁ። ሰዎች እርስ በርስ ሲገፋፉ፣ ጣሪያውን በእጃቸው ሲመቱ። ከዚያ ድምፅ ሰማች፤ «ቆይ! ጠብቁኝ! ቆይ!» የሚል። የሰሜኖቹ ቋንቋ አልነበረም። የራሷ ነው፤ የወንዙ ማዶ ሠፈሮች አነጋገር፣ ጠላት አስቀድሞ የያዘው የአክስቷ አገር።

ጆሮዋን ልታነሳ ፈለገች። አላነሳችም። እሷ ካልሰማች የሚሰማ የለም።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ዝም አለ። መሰላሉን ወጥታ ዝም ማለታቸውን በእጇ ምልክት ሰጠች። ግንቡ አናት ላይ ሰዎች በደስታ ጮኹ። የአባቷን ድምፅ በመሐላቸው የለየች መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ትእዛዙ ተነገረ፦ ሽማግሌው ጎንግ ሥራውን በመዘንጋቱ ቀትር ላይ ሃያ በትር ይገረፋል።

ሹዌን ባኦን ከድንጋዩ ክምር ጀርባ አገኘችው። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሯል።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው።»

«እኔ ዋሹልኝ አልኳቸው?» አለ ባኦ ሳይዞር። «ማን ለመናቸው?»

ሹዌን ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታሰላስል አድራለች። «ለዱዋን ልነግረው ነው» አለች። «መተኛትህንም፣ አምስት ሌሊት ድንጋይ ማሸከሙንም። ሁለቱንም።»

«ጆሮ ጠቢ» አለ፤ ስድቡን ግን ለመወርወር እንኳን አቅም አልነበረውም።

«አዎ። ሥራዬ ነው።»

መንገዱን በዝግታ ጀመረች። ሃያ ርምጃ ያህል እንደሄደች ከኋላዋ የሳር ጫማ ሲጎተት ሰማች። አልዞረችም፤ ርምጃዋን ግን ይበልጥ አዘገየች፤ እስኪደርስባት።

የዱዋን በር ገርበብ ብሏል። አለቃው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተኝቷል። አፉ ተከፍቷል። ግማሽ የተበላ አጥሚት ከእግሩ ሥር ደርቋል።

ባኦ ሹዌንን አያት። «እንቀስቅሰው?» አለ በሹክሹክታ።

«ቆይ» አለች። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ቀትር እስኪደርስ ገና ነው። ሁለቱም የሚያንኮራፋውን ሰው ሰሙት።

የጣሪያው ጥላ አጥሮ እግራቸው ጋ ሲደርስ ዱዋን ድንገት ባነነ። እጁ ወደ ጎራዴው ሄደ፤ ከዚያ ልጆቹን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«መቼ መጣችሁ?»

«አሁን» አለች ሹዌን።

ዱዋን ጥላውን ተመለከተ። ተኝቶ እንዳዩት ገባው። «ተናገሩ።»

ባኦ ተንበረከከና ሁሉንም ነገረው። ቆዳው አልረገበም፤ ሽማግሌው አልዘነጉም፤ እኔ ነኝ የተኛሁት። ሹዌን ስለ ድንጋዩና ስለ አምስቱ ሌሊት ጨመረች። ዱዋን የራስ ቁሩን በእጁ እያገላበጠ አዳመጠ።

«ሕጉ አንገት ነው የሚለው» አለ።

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ሕጉን ልፈጽም ብል...» ቁሩን አገላበጠው። «ከማን ልጀምር?» ለራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ ቁሩን ራሱ ላይ ደፋ። «ሽማግሌው አይነካ፤ ጋኖቹን እሱ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። አንተ ዋሻው ውስጥ ትገባለህ። ጭሱ ወጥቷል። ያሉትን ሰዎች አውጥተህ ቅበር፤ ከዚያ የዋሻውን አፍ ዝጋ። ዛሬ። ስትጨርስ ሁለት ቀን ተኛ። ድንጋዩን ሌላ ሰው ይሸከማል።»

«ብቻዬን?»

«ሰው ከየት ላምጣልህ?» ወደ ሹዌን ዞረ። «አንቺ ዛሬ ተረኛ አይደለሽም። ቤትሽ ሄደሽ ተኚ።»

ዋሻው አፍ ላይ የሰናፍጩ ሽታ አሁንም አፍንጫ ይሰነጥቃል። ባኦ ፋኖስና አንድ ቃሬዛ ተሰጥቶታል። ቃሬዛው አራት እጀታ አለው። አንዱን ጫፍ አነሳ፤ ሌላው ጫፍ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ተከተለው። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ኋላው።

ሹዌን እዚያው ነች። የአንገት ጨርቋን ፈትታ በአፍንጫዋ ላይ እያሰረች ነው።

«ሂጂ ተኚ ተብለሻል እኮ» አለ ባኦ።

ሹዌን ጎንበስ ብላ ገባች። የመጀመሪያው ሰው እዚሁ፣ ከመግቢያው ጥቂት ርምጃ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ ወጣት ነው፣ ጀርባው የቆፋሪ። የሳር ጫማው ተረከዙ ላይ የተቋጠረው በወንዙ ማዶ ሰዎች አተሳሰር ነው። ሹዌን ፋኖሱን ከባኦ እጅ ወስዳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው።

«ከየት በኩል ልያዝ?» አለችው።

ባኦ እንባውን በትከሻው ጠረገ፤ የጭሱ ይሁን የሌላ አይታወቅም። «እግሩ ይቀላል» አለ።

ሹዌን ወደ ራስጌው በኩል ዞረች።